ባለቤት ያጡ ሁለት ጎሎች

ብሔራዊ ቡድናችን በዓለም አቀፍ ውድድሮች ያስመዘገበው ታሪክ በመጽሐፍ እንዲወጣ መወሰኑና ጸሐፊውም እኔ መሆኔ በደብዳቤ የተነገረኝ ሰኞ ጠዋት ነው። ደብዳቤው ስድስት ወርና ሦስት መቶ ገጽ ፈቅዶልኛል። ረቂቁን ማክሰኞ ከምሳ በፊት ጨረስኩት።

ቸኩዬ አይደለም። በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ በችኮላ የሠራሁት ነገር እንደሌለ የክፍሉ ሰዎች ሁሉ ይመሰክራሉ። ታሪኩ ራሱ አጭር ነው። ቡድናችን በአርባ ዓመት ውስጥ ለአራት ውድድሮች አልፏል። በእነዚያ ውድድሮች አሥራ ሦስት ጨዋታ አድርጎ አሥራ ሁለቱን ተሸንፏል። አሥራ ሦስተኛው ጨዋታ አራት ለባዶ እየተመራን ሳለ ጭጋግ ወርዶ ተቋረጠ፤ እኛ እስከ ዛሬ በአቻ ነው የያዝነው። በአሥራ ሦስቱም ጨዋታዎች ያገባነው ጎል አንድ ነው።

ያቺን አንድ ጎል ግን የማያውቃት የለም። የፌዴሬሽኑ ሕንፃ መግቢያ ላይ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ፎቶ ተሰቅሏል። አሥራ አንድ ቁጥር የለበሰ ወጣት ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አፉን ከፍቶ ይጮኻል። ከሥሩ «ታሪካዊቷ ቅጽበት» ይላል። ያ ወጣት ዛሬ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነው። ወንበሩ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጧል፤ ምርጫ በመጣ ቁጥር ተፎካካሪዎቹ ዕቅድ ይዘው ይመጣሉ፣ እሱ ፎቶውን ይዞ ይመጣል።

ጎሏ የገባችው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ሰባት ለአንድ በተሸነፍንበት ጨዋታ ነው። አንዷን የማያነሣ የለም፣ ሰባቱን የሚያነሣ የለም። አይ፣ ዋሸሁ። ሰባቱም ይነሣሉ፤ የሚነሡት ግን በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡድኑን በረኛ ሰዉ ሁሉ «ወንፊት» ይለዋል። ኳሱን ካቆመ በኋላ ቁልፍ ሠሪ ሆነ። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሰው ሁሉ «የጎል በር መዝጋት ያቃተው ሰው የእኔን በር ይዘጋል?» ብሎ መቀለድ ግዴታው ይመስለዋል። ቀልዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈጠረው እሱ እንደሆነም ያምናል።

ወንፊት የሚስቴ አባት ነው። ገና ሳንጋባ የማን ልጅ እንደሆነች በሰማሁ ጊዜ አንድ ሳምንት የማሰቢያ ጊዜ ወስጄ ነበር። ሚስቴ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ያቺን ሳምንት እስከ ዛሬ ከዕድሜዬ ላይ እየቀነሰች ነው የምትቆጥረው።

የመጽሐፉን ወሬ ስነግራት ደብተር እያረመች ነበር። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«አባዬን ወንፊት ብለህ ልትጽፈው ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ‹አንጋፋው ግብ ጠባቂ› ነው የምለው።»

«እሺ። አንጋፋው ግብ ጠባቂ ምን አደረገ ልትል ነው?»

«ሰባት ገባበት ነዋ። ገብቶበታል'ኮ።»

«ስንት እንዳዳነስ?»

በአሥር ዓመት ትዳር ውስጥ ይህ ጥያቄ ወደ አእምሮዬ መጥቶ አያውቅም።

«ሃያ ጥያቄ የተሰጠው ተማሪ ሰባት ተሳሳተ ብዬ ብቻ ውጤት አልሰጥም» አለችና እስክሪብቶዋን አነሣች። «መጀመሪያ ሂድና አጣራ። ሳታጣራ ከጻፍክ እዚህ ቤት አትምጣ።»

የፌዴሬሽናችን መዝገብ ቤት ደረጃ ሥር ነው። ከፋይሎቹ ጋር የተቀደደ መረብ፣ አየር የወጣባቸው ኳሶችና «ስለ መልካም ተሳትፎዎ» የሚል የተቀረጸባቸው ዘጠኝ ዋንጫዎች አብረው ይኖራሉ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ለጡረታ ጥቂት ወር የቀራቸው ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።

«የሰባት ለአንዱን ጨዋታ የኮሚሽነር ሪፖርት ፈልጌ ነበር፣ እትዬ።»

«ለማንበብ ነው ወይስ ለማስቀመጥ?»

«ለማንበብ።»

መነጽራቸውን አድርገው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ምንም ሳይፈልጉ፣ እጃቸውን ወደ ሁለተኛው መደርደሪያ ልከው በካርቦን የተገለበጠ ሰማያዊ ወረቀት አወጡ። ጨዋታውን የታዘበው ኮሚሽነር የጻፈው ነው። ቆሜ አነበብኩ። ወደ ግባችን የተመታ ኳስ፣ ሃያ ስድስት። የገባ፣ ሰባት። ግብ ጠባቂው ያዳነው፣ አሥራ ዘጠኝ፤ ከእነዚህ ሁለቱ ፍጹም ቅጣት ምት። በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ የግብ ጠባቂው የቀኝ እጅ ጣት ተሰብሯል፤ ተቀያሪ ግብ ጠባቂ ስለሌለ ጨዋታውን በዚያው እጅ ጨርሷል።

ወረቀቱን ልመልስላቸው እጄን ዘረጋሁ። እትዬ ግን «ገጹን ገልብጥ እንጂ» አሉኝ።

ገለበጥኩ። ሰባ ዘጠነኛ ደቂቃ፤ አሥራ አንድ ቁጥር ደከመኝ ብሎ በራሱ ጥያቄ ወጥቷል። ሰማንያ ስምንተኛ ደቂቃ፤ የተጋጣሚው ቡድን ተከላካይ፣ አምስት ቁጥር፣ ኳሷን ለበረኛው ሊመልስ ሲል በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረ።

«አሥራ አንድ ቁጥር...» አልኩ።

«መግቢያው ላይ የተሰቀለው ነው።»

«እና እጁን ወደ ላይ የዘረጋው?»

«አውጡኝ እያለ ነዋ! አሠልጣኙ አላየውም፤ አራት ደቂቃ ሙሉ እንደዚያ ሲጮኽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ? እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ ፋይል ሊጥል ነው የሚመጣው።»

ታሪክ እንዲህ ባለው ሰዓት ደፋር ሰው ትፈልጋለች። እዚያ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ወጣሁ፤ ደረጃውን ስወጣ ልቤ የአንበሳ ነበር፣ በሩን ሳንኳኳ ወደ ድመት ወርዶ ነበር፣ «ግባ» ሲሉኝ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ክቡር ፕሬዚዳንት ሪፖርቱን አንብበው አልተቆጡም።

«ይህን ማን አይቶታል?»

«እኔና እትዬ።»

«እሷ ጡረታ የምትወጣው ዘንድሮ ነው አይደል?»

«አዎ ክቡርነትዎ።»

«እሰይ፣ ደክማለች።» ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ። «አሁን አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ በደንብ አስብ። ያ ተከላካይ በራሱ ላይ ለምን አገባ?»

«ተሳስቶ ይመስለኛል።»

«ለምን ተሳሳተ?»

«እንጃ።»

«ሰባ ዘጠኝ ደቂቃ ስሮጥበት ቆይቼ ድንገት ወጣሁ። ሲያየኝ ቆይቶ ሲያጣኝ ተዘናጋ። የተዘናጋ ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ ጎሉን ያስቆጠረው የእኔ መውጣት ነው።»

«በመውጣት የተቆጠረ...»

«በመውጣት የተቆጠረ ጎል! በዓለም ላይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጻፈው...» ትንሽ አሰቡ። «አይ፣ አትጻፈው። ሕዝቡ ገና እዚህ ደረጃ ላይ አልደረሰም። እንደ ድሮው ‹በግሩም ምት› በለው።»

እዚህ ላይ ያለኝን ድፍረት ሁሉ አሟጥጬ ተናገርኩ። ጎሉን እንደማልነካ፣ ነገር ግን ግብ ጠባቂው ያዳናቸው አሥራ ዘጠኝ ኳሶች በመጽሐፉ ቢካተቱ መልካም መሆኑን በትሕትና አመለከትኩ። ፕሬዚዳንቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ጉዳዩን መጽሐፉን ለሚከታተለው ዐቢይ ኮሚቴ መሩት።

ዐቢይ ኮሚቴው ዘጠኝ ሰው ነው። እኔ በገባሁበት ሰዓት «ተሸነፈ» የሚለውን ቃል አውጥተው «ልምድ ቀሰመ» በሚለው ለመተካት ወስነው ጨርሰው ነበር። በዚህም መሠረት ቡድናችን አሥራ ሁለት ጊዜ ልምድ ቀስሟል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በጭጋግ ምክንያት ልምዱ ተቋርጦበታል። ቀጥሎ የእኔ አጀንዳ ቀረበ።

ምክትል ፕሬዚዳንቱ እጃቸውን አወጡ። በዚያ ጨዋታ የተከላካዮቹ አምበል እሳቸው ነበሩ።

«አሥራ ዘጠኝ አዳነ ካልን ሃያ ስድስት ተመታበት ማለታችን ነው። ሃያ ስድስት ጊዜ ሲመታበት ተከላካዩ የት ነበር የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህ ከፋፋይ ጥያቄ ነው።»

«ታዲያ ስንት ይባል?» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

«ሦስት።»

«አሥራ አምስት» አልኩ እኔ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ድምፄ የጎመን ነጋዴ ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ።

«ሦስት ተኩል እንዳንል ኳስ አይከፈልም» አሉ ምክትሉ።

«አሥራ ሁለት! ጣቱ ተሰብሮ'ኮ ነው።»

«ጣቱ ተሰበረ ካልን» አሉ የሕክምና ዘርፍ ኃላፊው፣ «ሐኪሙ የት ነበር ይባላል። የጣቱ መሰበር ይውጣልኝ።»

ከአንድ ሰዓት ክርክር በኋላ በአራት ተስማማን። ከሁለቱ ፍጹም ቅጣት ምቶች አንዱን «መቺው ስቶታል» ለማለት፣ ጣቱም በመልካም ጤንነት ላይ እንደነበር በግርጌ ማስታወሻ ለማስፈር ተወሰነ። ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከባዶ አራት ይሻላል እያልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ በቀጥታ ወደ አማቴ ሱቅ ሄድኩ።

ሱቁ ከሰፊ ቁም ሣጥን አይበልጥም። አማቴ አንድ የዛገ ጓጉንቸር ማሠሪያ ላይ አስረው እየሞረዱ ነበር።

«አባባ፣ የምሥራች! መጽሐፉ ላይ አራት ኳስ ማዳንዎ ሊጻፍ ነው።»

መሞረዱን አላቆሙም። «አሥራ ዘጠኝ ነው።»

«ያውቁታል እንዴ?»

የቀኝ እጃቸውን አነሡ። ሌባ ጣታቸው ከመሃል ወደ ጎን ታጥፎ የቀረ ነው። ለአሥር ዓመት ስጨብጠው የኖርኩት እጅ ነው፤ የሥራ ጠባሳ ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ ለምን ለሰው አልተናገሩም?»

«መጀመሪያ ሁለት ዓመት ተናገርኩ። ሰው ግን ሰባቱን አይቷል። የገባ ኳስ መረብ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ያልገባን ማን ያያል?» ጓጉንቸሩን እፍ ብለው ብናኙን አራገፉ። «አራቱን ግን አስወጣልኝ። እነሱ ሰጥተውኝ አይደለም ያዳንኩት።»

«ሰባቱስ አባባ?»

«ከሰባቱ አምስቱ የእኔ ናቸው፤ መያዝ ነበረብኝ። አራተኛዋ እስካሁን ትመጣለች። እዚህ ቁጭ ብዬ ስሞርድ በቀኝ በኩል ትመጣለች፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀረኛል።» ለአፍታ ሞረዱን አስቀመጡ። «ሁለቱን ግን ማንም በረኛ አይይዛቸውም ነበር። ተከላካዮቻችን ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ነው ያሳለፏቸው። የእነዚያን ሁለት ባለቤት ነው እስከ ዛሬ የምፈልገው።»

አራቱ እንዲወጡ ኮሚቴውን እጠይቃለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ወደ ቢሮ ስመለስ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት መግባቱን ሰማሁ፤ አጋጣሚው ከችግር ስላወጣኝ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፕሮቶኮል ክፍላችን ለበዓሉ ድምቀት ከዚያ ከሰባት ለአንዱ ተጋጣሚ ቡድን እንግዳ ለመጋበዝ ለአሥራ አንዱም ተጫዋቾች ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሰባቱን ጎሎች የተካፈሉት አጥቂዎች አልመለሱም። «እመጣለሁ» ብሎ የመለሰ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማንም ቁጥሩን ልብ አላለውም። ከዘራ ተደግፎ መድረኩ ላይ ሲወጣ፣ ከአስተርጓሚው ጋር ሲቆም፣ እኔ ብቻ ነበርኩ ቁጥሩን ከዝርዝሩ ላይ ያየሁት። አምስት ቁጥር ነው።

«በአገሬ» አለ በአስተርጓሚው በኩል፣ «ሰባት ለአንድ ማሸነፋችንን ሰው ረስቶታል። አንዷን ግን አልረሳም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስሜ ‹ቸሩ ሰው› ነው። ዳቦ ልገዛ ስሄድ ‹ለራስህ ነው ወይስ ለጎረቤት?› ይሉኛል። ደብዳቤያችሁ ታሪኩ በእውነት ተጽፏል ስለሚል መጣሁ። ያቺን ጎል ያገባኋት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ ግን አላውቅም።»

የሁሉም ዓይን ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞረ። እሳቸው ግን የቆዩበት ወንበር ያስተማራቸው ሰው ናቸው። ተረጋግተው ተነሡ፣ ማይክሮፎኑን ያዙ፣ ፈገግ አሉ።

«የተከበሩ እንግዳችን፣ ትሕትናዎን አደንቃለሁ። ነገር ግን ጎሏ የእርስዎ አይደለችም። የእኔ ናት።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። እንግዳው ከዘራውን ጠበቅ አደረገ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እርግጠኛ ነኝ።»

«እኔ ግን እግሬ ላይ...»

«ስሜት ነው። ያታልላል።»

እንግዳው አንድ እርምጃ ቀረብ ብሎ «በጽሑፍ ይሰጡኛል?» አለ።

ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛው ላይ የፌዴሬሽኑን ወረቀት አስመጥተው ጻፉ፤ ማኅተሙ መኪና ውስጥ ስለነበር ሾፌሩ ሮጦ አመጣው። ጎሏ የፕሬዚዳንቱ መሆኗ በፊርማና በክብ ማኅተም ተረጋገጠ። ሽማግሌው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ሳመው። «ሚስቴ ይህን ሳታይ ሞተች» ብሎ አለቀሰ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ሁለት አገር በአንድ ውሸት እኩል ሲደሰት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጭብጨባው ገና ሳይበርድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከምሰሶው ጀርባ፣ አንድ ሰው ቆመው አየሁ። አማቴ ናቸው። ከሚስቴ ጎን ነው የተቀመጡት። ማይክሮፎን አልሰጧቸውም፤ አላስፈለጋቸውምም፣ ተከላካይ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ክቡር ፕሬዚዳንት! የሰው ሸክም እንዲህ በማኅተም የሚያወርዱ መሆንዎን አላወቅኩም ነበር። እኔ ያን ቀን በረኛ ነበርኩ። ሰባት ገብቶብኛል። አምስቱ የእኔ ናቸው፣ አልክድም። ሁለቱ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ሆነው እቤቴ ተቀምጠዋል። ጎል መውሰድ ከጀመሩ አይቀር፣ ማኅተሙም ሳይደርቅ፣ እነዚያንም ሁለቱን ይውሰዱልኝ። እርስዎ ካልቻሉ እዚያ ከተቀመጡት አንዳቸው ይውሰዱ።»

የመድረኩ ሰዎች በሙሉ መጽሐፉን ገለጡ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ማውጫውን እንደ ጸሎት ያነቡ ጀመር። አስተርጓሚው ለእንግዳው በጆሮው ሲነግረው ሽማግሌው እንባውን ጠርጎ እጁን አወጣ።

«አንዱን እኔ ልውሰድ። የለመደ ትከሻ አለኝ።»

«ፕሮቶኮል አይፈቅድም» አሉ ፕሬዚዳንቱ ፈጠን ብለው። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞሩ። «የአንጋፋው ግብ ጠባቂያችን ጥያቄ ከባድ ነው፤ ጥናት ይፈልጋል። ስለዚህ ኮሚቴ ይቋቋማል!»

አዳራሹ እንደገና ቆሞ አጨበጨበ። አማቴ ጥቂት ጠበቁ፤ ማንም የተነሣ የለም። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው በመሃል መተላለፊያው ወጡ። ሚስቴ ተከተለቻቸው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ወደ መድረኩ፣ እኔ ወደ ተቀመጥኩበት ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ አየች።

ቃለ ጉባኤውን በማግስቱ አዘጋጀሁ። «አንድ አንጋፋ ስፖርተኛ በመጽሐፉ መውጣት የተሰማቸውን ደስታ ባጭሩ ገልጸዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገባሁ። ለስላሳ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ፕሬዚዳንቱ ወደውት ከሥሩ አስምረውበታል። ሚስቴ ቅጂውን ቦርሳዬ ውስጥ አግኝታ እስከ መጨረሻው አነበበችው። እንደምትጮኽ ጠብቄ ነበር። ተማሪ እንደምትመክር ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«አባዬን ሰባቱም ኳስ ያለፉት እየተወረወረ ነው። አንተን ግን ቆመህ አለፈህ። እጅህን እንኳ አላነሣህም።»

በዚህ ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። እጄንስ አንሥቼ ነበር። እያጨበጨብኩ ነበር።